ከአንኮበር ገደል ባሕር ይታየኝ ነበር

ዓርብ፣ ጥር 8 ቀን 2012 ዓ.ም.

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ላምበረት መናኸሪያ ደረስኩ። የደብረ ብርሃን ሚኒባስ ረዳት «አባባ፣ ጋቢና ይግቡ» ብሎ ከሾፌሩ ጎን አስቀመጠኝ። ሻንጣዬ ቀላል ናት። ሹራብ፣ ለእህቴ የገዛሁት ነጠላ፣ ቡናና ስኳር፣ ከታች ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለሉ መፍቻዎቼ። መፍቻዎቼን ትቼ ረጅም መንገድ ወጥቼ አላውቅም። ከምጽዋም ከአሰብም ስወጣ በእጄ የነበሩት እነሱ ናቸው።

እህቴ በኅዳር ወር ሰው ልካብኝ ነበር። «ዘንድሮ ለጥምቀት ካልመጣህ ሳንተያይ መቅረታችን ነው» ብላ። እሷ 78 ዓመቷ ነው፣ እኔ 71። የጋራዡ ባለቤት ይህን ስነግረው ሳያቅማማ ሰባት ቀን ሰጠኝ፤ እግዜር ይስጠው።

የምሠራው ጎተራ አካባቢ ነው፤ የናፍጣ ሞተር ፖምፓና ኖዝል፣ ነዳጁን የሚገፋውንና የሚረጨውን፣ እጠግናለሁ። ሰው ሁሉ «ለምን አያርፉም?» ይለኛል። መልሱ ረጅም ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ዝም እላለሁ፤ እዚህ ግን ልጻፈው። ባሕር ኃይል የገባሁት በ1959፣ በ18 ዓመቴ ነው። እስከ ግንቦት 1983 ድረስ 24 ዓመት አገለገልኩ። ያ ዘመን ሲያበቃ የአገልግሎት ማኅደሬ የት እንደገባ የሚነግረኝ አጣሁ። ደጅ ጠናሁ፤ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ላከኝ፤ በሦስተኛው ዓመት ተውኩት። ከዚያ በግል ድርጅት ተቀጠርኩ። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ የወጣው ደግሞ በ2003 ነው። የጡረታ መውጫው 60 ዓመት ነው፤ እኔ 62 ሞልቶኝ ነበር። ስለዚህ ሥራዬን ቀጠልኩ። አሁን ልጆቼ ራሳቸውን ችለው «የቤት ኪራዩን እኛ እንክፈል፣ አንተ ተቀመጥ» ይሉኛል፤ እኔም አሁንም ጠዋት ተነሥቼ እሄዳለሁ። እህቴ ይህን መጠየቋ ስለማይቀር መንገዱን ሁሉ መልስ ሳዘጋጅ ነበር።

ሰንዳፋን አልፈን ሸኖ ላይ ሰው ቅቤ ሊገዛ ወረደ። ጫጫ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች፤ ሣሩ ላይ ግን ውርጩ ገና አልሟሟም። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብትሆንም ከፍታዋ ከ2,800 ሜትር ስለሚበልጥ ብርዷ ሌላ ነው። የእህቴ የልጅ ልጅ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሜካኒካል ምህንድስና ይማራል፤ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ጉልበቴን ሊስም ሲያጎነብስ አየሁት፤ የእናቴ ግንባር ነው ያለው። የጾም ሽሮ በልተን፣ ሻይ ጠጥተን፣ በጊዜ ተኛን።

ቅዳሜ፣ ጥር 9

አንኮበር ከደብረ ብርሃን 42 ኪሎ ሜትር ነው። በግራም በቀኝም የገብስና የባቄላ ክምር፣ አውድማ ላይ የሚዞሩ በሬዎች፣ ጭድ የሚያነሡ ሰዎች። የተሳፈርንበት ቅጥቅጥ ገበያተኛ ሞልቶት ነበር። ከጎኔ የተቀመጡ በርኖስ የለበሱ አዛውንት የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠይቀው፣ አባቴን አውቀውት፣ እጄን ይዘው እስክንወርድ አልለቀቁኝም።

ከጎረቤላ ወደ እህቴ ቤት የሚወስደው መንገድ በገደሉ አፋፍ ያልፋል። እዚያ ስደርስ ልጁን «ጠብቀኝ» ብዬው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ልጅ ሆኜ ጥጃ ስጠብቅ የምቀመጠው እዚህ ነበር። ከእግር በታች አገሩ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፤ አልዩ አምባ ከታች ነው፤ ከዚያ ማዶ የአዋሽ ሜዳና የአፋር በረሃ ተዘርግቶ ይታያል። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ከቆላው ሲነሣ ሜዳው ሰማያዊ ይሆንና ዳር የሌለው ውኃ ይመስላል። እኔ ባሕር ነው ብዬ አመንኩ። እናቴ ደግሞ ሳታውቅ እምነቴን አጸናችልኝ፤ አሞሌ ጨው ስትፈጭ «ይኼ ከወዴት ይመጣል?» ስላት በአገጯ ወደ ምሥራቅ እያመለከተች «ከዚያ ነዋ፣ ከባሕር» አለችኝ። ጨውና ሰማያዊው ሜዳ በልቤ አንድ ሆኑ። ዕድሜዬ ሲደርስና የባሕር ኃይል ምልመላ ሲመጣ፣ ሌላው ልጅ ባሕር ምን እንደሆነ ሲጠይቅ እኔ የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

ኋላ ሳነብ ግን እናቴ ብዙም አልተሳሳተችም። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ከባሕር ጋር የምትገናኘው በዚሁ ገደል ሥር በሚያልፈው መንገድ ነበር። ከታጁራ ወደብ የተነሣ የግመል ቅፍለት በአፋር በረሃ ሳምንታት ተጉዞ አልዩ አምባ ይደርሳል፤ ከአሳል ሐይቅ የተጫነው ጨውም በዚያው ይገባል። የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ በዚያው መንገድ መጥቶ በ1834 ከንጉሡ ጋር ውል ተፈራርሟል። «በር» የሚለው ቃል ከስሟ ጋር መጣበቁ እንዲያው አይደለም ብዬ አምናለሁ። ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመዛወራቸው በፊት አንኮበር ሲቀመጡ ዓይናቸው ያረፈው እዚህ ሜዳ ላይ ነው።

ዛሬም ሜዳው ሰማያዊ ነበር። ስንት ባሕር አይቼ ተመልሼ ዛሬም ባሕር መሰለኝ።

እህቴ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሱፍ ትፈትል ነበር። እንዝርቱን ሳትጥል ቀና ብላ አየችኝና «መጣህ?» አለች። ከዚያ እንዝርቱን ጥላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። እናታችን በ1975 ስታርፍ እኔ ዳህላክ ነበርኩ፤ መርዶው የደረሰኝ በሁለተኛው ወር ነው። የቀበረቻት እህቴ ናት፤ ተዝካሯን ያወጣችው እህቴ ናት። ይህን አንድ ቀን አንሥታብኝ አታውቅም። አለማንሣቷ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ማታ ከእሳቱ ዳር የፈራሁት ጥያቄ መጣ። «እስከ መቼ ነው እዚያ ብረት ስትፈታ የምትኖረው? ቤቱ የአባትህ ነው፤ መሬቱም አለ። ና እዚህ ተቀመጥ።» ያዘጋጀሁት መልስ ሁሉ ጠፋብኝ። «እትዬ፣ አንቺስ ይኼን ሱፍ መቼ ልትተዪው ነው?» አልኳት። «እኔማ በምን እተዋለሁ፣ እጄ ባዶውን ምን ይሠራል?» አለችና ዝም አለች። ከዚያ ያንን ነገር አላነሣችውም። ባናውን ደርባልኝ ተኛሁ።

እሑድ፣ ጥር 10

ከተራ። ታቦታቱ በእልልታ ወረዱ። እህቴ አዲሱን ነጠላ ለብሳ በልጁ ትከሻ ተደግፋ ሄደች፤ እኔ ከኋላ። ከንጉሥ ከተማነቷ ዘመን የቀሩት የአንኮበር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ናቸው፤ ድባቡና ጥላው በኮረብታው ላይ ሲሰለፍ ዓይን አይጠግበውም። ከወጣትነቴ የማስታውሳቸው ካህናት አንድም የሉም፤ ዜማው ግን ያው ነው።

ሌሊቱን ከድንኳኑ አጠገብ ስናድር የልጅ ልጃችን ስለ መርከብ ጠየቀኝ። ምህንድስና ስለሚማር ጥያቄው ደግ ነበር። «የሞተር ክፍሉ ሙቀት ስንት ይደርስ ነበር አባባ? ማቀዝቀዣው ውኃስ ከየት ነው?» እንዲህ የጠየቀኝ ሰው ከስንት ዘመን በኋላ ነው! ስለ «ኢትዮጵያ» ነገርኩት።

«ኢትዮጵያ» የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ ነበረች። በአሜሪካ ባሕር ኃይል ስሟ «ኦርካ» ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ለማገልገል የተሠራች። በ1954 ለእኛ ተሰጠች። ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ ነው፤ የናፍጣ ሞተሮቿ ከ6,000 የፈረስ ጉልበት በላይ ይሰጡና በሁለት ዘንግ ሁለት መቅዘፊያ ያዞራሉ፤ በሙሉ ኃይሏ በሰዓት 18 ኖት ትሄዳለች፣ በኪሎ ሜትር 33 ያህል መሆኑ ነው። ከላይ ሰው ነጭ ልብሱን ለብሶ ሲሰለፍ እኛ ከታች በዘይትና በላብ እንታጠብ ነበር። በሐምሌ ምጽዋ ላይ የቆመ መርከብ የሞተር ክፍል ገብቶ የማያውቅ ሰው ሙቀት አላየም። ጆሯችን ስለሚደነቁር የምንነጋገረው በእጅ ምልክት ነው። የቀኙን ሞተር ከግራው በድምፁ ሳይሆን በእግር መዳፌ ለየሁት፤ ወለሉ ሲርገበገብ ይነግረኛል።

በየዓመቱ በጥርና በየካቲት አካባቢ የባሕር ኃይል ቀን ይከበራል። ጃንሆይ ምጽዋ ይወርዳሉ፤ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የሶቪየት የጦር መርከቦች ወደባችን ላይ ጎን ለጎን መልሕቅ ይጥላሉ። በዚያ ዘመን እርስ በርስ የተፋጠጡ መንግሥታት መርከበኞች በእኛ ወደብ ሲሳሳቁ አይቻለሁ። የባሕር ኃይሉ አዛዥ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ሞተር ክፍል ድረስ ወርደው ያነጋግሩን ነበር። በኅዳር 1967 ከተረሸኑት ባለሥልጣናት አንዱ እሳቸው ናቸው። በዚያን ቀን በመርከቧ ላይ ማንም ከማንም አልተነጋገረም።

ለሥልጠና ጉዞ ሞምባሳ ሄደናል። ባብ ኤል መንደብን ወጥተን፣ የአፍሪካ ቀንድ ጫፍ የሆነውን ጋርዳፉይን ዞረን፣ የሕንድ ውቅያኖስ ማዕበል ሲያነሣን አገሬ ገደሉ ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ፤ ሆድ ባዶ ሆኖ ወደ ታች የሚሳብ ነገር። የምድር ወገብን የተሻገርን ዕለት ምሳችንን ከላይ በላን። አስብ፣ አልኩት ልጁን፤ ጥጃ ጠባቂ የነበረ ልጅ በ20 ዓመቱ የምድርን ወገብ ሲሻገር።

እሱ እንቅልፍ እስኪጥለው ድረስ ሰማኝ።

ሰኞ፣ ጥር 11

ጥምቀት። ጸበል ተረጨን። ስለ ዛሬ ብዙ መጻፍ አልፈልግም፤ ደስታ ነበር፣ ያ ይበቃል።

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ጠዋት እናቴ መቃብር ላይ ቆይቼ፣ እህቴን ተሰናብቼ ወጣሁ። አንድ ድውር የተፈተለ ሱፍ በእጄ አኖረችልኝ። «ጓንት አሠራበት፤ ብረት ይበርዳል» አለችኝ። እስከ አፋፉ ድረስ ሸኘችኝ።

ወደ ደብረ ብርሃን ስንመለስ ልጁ ባሕር ኃይል እንደገና እየተቋቋመ መሆኑን አነሣ። በ2010 ዜናውን የሰማሁ ቀን ሥራ አቁሜ ነበር። «ወደብ ሳይኖር እንዴት ይሆናል?» አለኝ። ባኩን ነገርኩት። በ1971 ለናፍጣ ሞተር ሥልጠና ወደ ሶቪየት ኅብረት ተልኬ አንድ ዓመት የካስፒያን ባሕር ዳር ባለችው ባኩ ከተማ ተቀምጫለሁ። የካስፒያን ባሕር በየብስ የታጠረ ነው፤ ወደ ውቅያኖስ የሚያወጣ የተፈጥሮ በር የለውም፤ ቢሆንም የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ነበረው፤ ከብዙ አገር የመጣን ሰዎች እዚያ ተምረናል። ነፋሱ ሰው ይጥላል። ሰውን መርከበኛ የሚያደርገው ሥልጠናውና ሥርዓቱ ነው፤ ያንን በሐይቅም መጀመር ይቻላል። ባሕር የሌለው ግን ባሕር ያምረዋል፤ ይህንንም አልደበቅኩትም።

ረቡዕ፣ ጥር 13

በደሴ መንገድ ወደ ሸዋ ሮቢት። እዚያ ከእኔ ጋር ያገለገለ የራዲዮ ኦፕሬተር አለ፤ ከተያየን ስድስት ዓመት ሆኖናል።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሾፌሩ በመብራት ነው የሄደው። ዋሻውን ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት ነው፤ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በ1959 ከአገሬ የወጣሁት በዚህ ዋሻ ነው። ምልምሎቹ በአውቶቡስ ተጭነን፣ ወደ ደሴ፣ መቀሌ፣ አስመራ። ዋሻው ውስጥ ስንገባ አንዱ ልጅ ማልቀስ ጀመረና ሁላችንም ተከተልነው። ከአስመራ ምጽዋ በባቡር 118 ኪሎ ሜትር ወረድን፤ ጊንዳዕን ስናልፍ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። ከዚያ ባሕሩ ታየ። እንደ አንኮበሩ ሜዳ ሰማያዊ ነበር፤ ልዩነቱ ይኼኛው መንቀሳቀሱ ነው።

ደብረ ሲናን አልፈን ስንወርድ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣብቋል። ወዳጄ መናኸሪያው ላይ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠኝ፤ እኔም መለስኩለት፤ ከዚያ ተቃቀፍን። ሽንኩርትና ማሾ ያለማል፤ ከሮቢ ወንዝ ውኃ ይስባል፤ ከማንጎ ዛፎች ሥር ቤት ሠርቷል። አገሩ ደጋ ነው፣ መንዝ። ለምን ቆላ እንደወረደ ጠይቄው አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ጠየቅሁት። «እንደ ምጽዋ የሚሞቅ አገር ፈልጌ ነው» አለኝ። «ሌሊት ላብ ሲያሰምጠኝ፣ ሳልነቃ፣ ጥዋለት ያለሁ ይመስለኛል።»

የማሾ ወጥ በልተን ማንጎው ሥር ተጋደምን፤ ወሬው አላባራም። የምጽዋ ደሴቶች፣ የጥዋለትና የራስ ምድር ድልድዮች፤ ከዛጎል ድንጋይ የተሠሩት የድሮ ቤቶች፤ ከገራር የሚመጣው ትኩስ ዓሣ። የማናነሣቸውም አሉ። በየካቲት 1982 ምጽዋ ስትያዝ እኔ አሰብ ነበርኩ፤ እሱ ግን እዚያው ነበር። ስለዚያ ሦስት ቀን እሱ አይናገርም፣ እኔም አልጠይቅም። ስም ብቻ እንጠራራለን፤ እገሌ፣ እገሌ፣ እያልን፣ ከእያንዳንዱ ስም በኋላ ዝም እያልን።

በግንቦት 1983 አሰብን ለቀን ስንወጣ ሞተሩን ያስነሣሁት እኔ ነኝ። ቀይ ባሕርን አቋርጠን የመን፣ ሞካ ደረስን። መርከቦቻችን እዚያ መልሕቅ ላይ ቆመው ጨው ሲበላቸው አየን። ከሁሉም የከበደኝ ሞተሮቹን እንዳናስነሣ መከልከላችን ነበር። ሞተር ካልተነሣ ይሞታል፤ ቀለበቱ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል፣ ኩሽኔታው ይዝጋል። «ኢትዮጵያ»ም ከእኛ ጋር ተሰዳ እዚያው የመን ቀረች፤ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ከዚያች መርከብ በእጄ የቀረ ነገር ቢኖር ይህ የመፍቻ ቦርሳ ነው።

ወደ ማታ ፖምፑን ሊያሳየኝ ወንዙ ዳር ወሰደኝ። ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነው። ሲያስነሣው ጥቁር ጭስ አወጣ፤ ገና ከሩቁ ኖዝሉ እንደሚያንጠባጥብ ለየሁት። ቦርሳዬን ፈትቼ ኖዝሉን አወጣሁ፤ ጫፉ ጥላሸት ይዟል። «አዲስ አበባ ወስጄ ላስተካክለው፣ በደሴ መኪና እልክልሃለሁ» አልኩት። ሽንኩርቱ ከአምስት ቀን በላይ ያለ ውኃ አይቆይም።

ከዚያ እሱ፣ እጁን ከጭቃው እየታጠበ፣ ሳያየኝ እንዲህ አለ። «አውሮፕላኑ እኮ አስመራ ይሄዳል።» በሐምሌ 2010 በረራው እንደተጀመረ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሁለታችንም አንድ ቀን በአፋችን አላነሣነውም ነበር። «ልጆችህን ገንዘብ ትጠይቃለህ?» አልኩት። «አልጠይቅም» አለ። «እኔም አልጠይቅም» አልኩት። እሱ ከሁለት የሽንኩርት ምርት፣ እኔ ከስድስት ወር ደመወዝ፣ ቁጭ ብለን አሰላነው። ይደርሳል። ከአስመራ ምጽዋ ባቡሩ ባይኖር አውቶቡስ አይጠፋም። ከጥዋለት ድልድይ ላይ ቆመን የሞቱትን ስም እንጠራለን፣ ከዚያ እንመለሳለን። በጨለማው ተጨባበጥን።

ሐሙስ፣ ጥር 14

መመለስ። 225 ኪሎ ሜትር፣ አብዛኛውን ተኝቼ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ አልነበረም፤ ቁልቁል የመጣሁበት ቆላ ወለል ብሎ ታየ።

ዓርብ፣ ጥር 15

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ጋራዡን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ተራ የያዙ አራት ፖምፓዎች ነበሩ፤ የወዳጄን ኖዝል አስቀደምኩ። አጥቤ፣ መርፌውን አሽቼ፣ መፈተሻው ላይ አሰርኩት። ብዙዎቹ ኖዝሎች እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ120 እስከ 250 ባር ባለው ግፊት ይከፈታሉ፤ ደህና ኖዝል ናፍጣውን ጉም አድርጎ ይበትነዋል፣ የታመመ ግን ያንጠባጥባል። በመጀመሪያው አንጠባጠበ። ፈትቼ እንደገና አሸሁት። በሁለተኛው ቀጭን ክር ወጣ። በሦስተኛው ጉም ሆነ።

ከሱፉ ላይ ጥቂት በጥሼ ኖዝሉን ጠቀለልኩትና ምሳ ሰዓት ላይ ላምበረት ሄጄ ለደሴ ሾፌር ሰጠሁት። ወዳጄ ማታ ደወለልኝ። ቃል አልተናገረም፤ ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ ብቻ አሰማኝ።